ሙስዒድ የማያየው ቅባት

በበይት ዛፊር አንድ ልጅ ምግብ አልበላም ብሎ አፉን ሲያዞር እናቱ፣ «ብላ! የሙስዒድ ሆድ አይግባብህ!» ትለዋለች። ሙስዒድ ይህን ሲሰማ አይቀየምም። ያንን ሆድ ለጠላቱም እንዳይሰጥ አላህን የሚለምነው እሱ ራሱ ነበር።

ሰው አይቶ የሚያልፈውን እሱ አያልፈውም። የሥጋ ወጡ ሳልታ በድንጋይ ድስት እየተንተከተከ መሐል ሲቀርብ ሌላው ዳቦውን ቆርሶ ለማጥቀስ ይሻማል። ሙስዒድ ግን የሚያየው ከላይ የተኮፈሰውን አረንጓዴ የአብሽ አረፋ፣ አረፋው ውስጥ የሚሰጥመውን የጎረቤቱን አውራ ጣት፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የተጋደመውን ጥቁር እድፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ጫት ይዘው ሲቀመጡ ጉንጫቸው እንደ እባጭ ያብጣል፤ አረንጓዴ ልጋግ በከንፈራቸው ጥግ ይሰበሰባል፤ መትፊያው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ያኔ የሙስዒድ አንጀት እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ዝንብ ያረፈበት ብርጭቆ ከንፈሩን አይነካም፤ ዝንብ ያላረፈበት ብርጭቆ ደግሞ በዚያ አገር የለም። ሰርግ ሲጠሩት «ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ልቅሶም ሲሄድ ያንኑ ይላል። ከጋራ ገበታ መራቅ ነውር በሆነበት አገር በዚህ ምክንያት ስንት ሰው እንደተቀየመው እሱም አያውቅም።

ከዓለም ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያመነው አንድ ነገር ነበር፤ ኖራ። ልጅ ሳለ አባቱ በእቶን የተቃጠለውን ነጭ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ውኃ ሲያፈስበት አየ። ድንጋዩ እሳት ሳይነካው ፈላ፤ ጮኸ፤ ተሰነጣጠቀ፤ እንፋሎቱ ከግንቡ በላይ ወጣ። ሲበርድ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ሆኖ ተገኘ። ጉድጓዱ ውስጥ ሞቶ የነበረ አንድ እንሽላሊት ከነቆዳው ተበልቶ ጠፍቷል። ልጁ ሙስዒድ ያን ቀን እንደ ዒድ ደስ አለው። ትል የማያፈራ፣ የማይከረፋ፣ ዝንብ የማይደፍረው ነገር ለካ በዓለም ላይ አለ።

አባቱ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ቢርካ ለሳኝ ነበር። ከጥቁሩ ተራራ የመጣውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከኖራው ጋር እያቦካ ለልጁ እንዲህ ይለው ነበር፦ «ልስን ደረቀ የሚል ሰው አይቅጠርህ። ጭቃ ነው የሚደርቀው። ይሄ ይጠጣል እንጂ አይደርቅም። ኖራው ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ጠጠሩም ድንጋይ መስሎህ እንጂ የኖራ ውኃ ሲያገኘው ከዳር ከዳሩ ይሟሟል። ሁለቱ የሟሙት ይገናኙና ሌላ ይወልዳሉ፤ እንደ እሾህ አጥር እርስ በርሱ የተቆላለፈ ድንጋይ። ውኃውንም አብረው ይይዙታል፤ አይለቁትም። ያጠጣነው ውኃ የት ሄደ ብትለኝ የትም አልሄደም፤ ይኸው ድንጋይ ሆኖ ቆሟል።» ኋላ ሲሚንቶ በከረጢት ወደ ረዳዕ ገበያ ሲገባ ሙስዒድ አንድ እፍኝ በውኃ ለውሶ ጠበቀው፤ በማግስቱም በጥፍሩ ቧጨረውና፣ «የእኛው ዘመድ ነው፤ እሱም ጠጥቶ ነው የሚጠነክረው። ብቻ ችኩል ነው» አለ።

የበይት ዛፊር ቢርካ ከመስጊዱ በስተኋላ፣ ዓለት ተፈልፍሎ በአያቶች ዘመን የተሠራ ነው። በደረጃ ይወረድበታል። አምና ሆዱ ተሰንጥቆ የክረምቱ ውኃ ሁሉ ወደ ምድር ሰርጎ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የሚወርዱት ወደ ታችኛው ምንጭ ነው። ሙስዒድ ያንን ምንጭ አንድ ጊዜ ሄዶ አየው፤ ሁለተኛ ላያየው ማለ። አህዮች ቆመው ይሸኑበታል። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ንፍጥ ለብሷል፤ ንፍጡ ውስጥ የእንቁራሪት እንቁላል እንደ ዓይን ያፈጣል። ሴቶቹ ያንን በመዳፋቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ይቀዳሉ። ቀድተው በጭንቅላታቸው ተሸክመው አቀበቱን ይወጣሉ። ያንንም ይጠጣሉ።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ የሱ ልጅ ኑሪያ ናት። ባሏ እንደ መንደሩ ወጣት ሁሉ ሳዑዲ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሲሆን ሆዷ ገፍቷል። አንድ ጠዋት አቀበቱ ላይ ተንሸራትታ በጉልበቷ ወደቀች። ጀሪካኑ ተንከባሎ ወረደ።

«ያባ» አለችው አባቷን ማታ ጉልበቷን እያሸች፣ «መውረዱስ ምንም አይደል። ስወጣ ግን ሆዴም ይከብደኛል፣ ውኃውም ይከብደኛል። አንድ ቀን ሁለቱም አብረው ይወርዱብኛል።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ቢርካው ያልቃል። ዝናቡ ሲመጣ ይይዛል። አንቺ ስትወልጂ ከደጅሽ ነው የምትቀጂው።»

«ማልልኝ።»

«ሙስዒድ በኖራ ዋሽቶ ያውቃል?»

«በኖራስ አልዋሸህም» አለች።

ሥራው ተጀመረ። ከመንደሩ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቢርካው ውስጥ ረድፍ ሠርተው ተንበርክከው ልስኑን በድንጋይ ይደበድባሉ። ድብደባው መሐል ላይ ከተቋረጠ ልስኑ ይሰነጠቃል። ሙስዒድ የኖራ ወተት በእንስራ ይዞ ከኋላቸው ይዞራል። ልስኑ ፊቱን ሲያነጣ «ጠማው» ይላል፤ ያጠጣዋል፤ ደግሞ ይደበድቡታል። ሲመሽ ፀሐይም ነፋስም እንዳያገኘው እርጥብ ጆንያ ያለብሰውና እንደ አራስ ይተወዋል።

ዜማ የሚያወጣው ቃኢድ ነው። ቃኢድ የናፍጣ ወፍጮ ያለው፣ ጢሙ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ ጎረቤቱ ነው።

«ምታው ምታው ልስኑን፣ ውኃ እስኪጠጣ!»

ሽማግሌዎቹ ይቀበሉታል፤

«ሙስዒድ ቀፎት ሆዱ እስኪወጣ!»

ሙስዒድም ማጠጣቱን አያቋርጥም። አንድ ቀን ግን ቃኢድ ዜማውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት ከጉንጩ የተረፈ የጫት ጭማቂ ጠብ አለ። እርጥቡ ነጭ ልስን ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆነ።

«ያ ቃኢድ! ተፋህበት!» ብሎ ጮኸ ሙስዒድ።

«አረንጓዴ ይሁንልህ ብዬ ነው፣ ኡስታ። ገነትም አረንጓዴ ነው ይላሉ።»

«ውጣ!»

«ኧረ በአላህ! ጠብታ እኮ ነው። ኖራህ እንሽላሊት በልቶ የለም እንዴ? የኔን ምራቅ ይፈራል?»

«ውጣ ከቢርካው!»

ቃኢድ እየሳቀ ወጣ። ሙስዒድ የነጠበበትን ቦታ መዳፍ በሚያህል ስፋት በጩቤው ቆፍሮ አወጣና ሜዳ ላይ ወረወረው። ቦታውን በአዲስ ልስን ሞልቶ ራሱ ደበደበው። እስኪመሽ ድረስ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዓይኑ ይሸሻል።

ልስኑ ጠጥቶ ጠግቦ፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ ታሽቶ የሰው ፊት እስኪያሳይ ሲወለወል የመጨረሻው ሥራ ይመጣል። ቅባቱ። የበግና የበሬ መቅኒ፣ ሞራ፣ አንዳንዴም አንጎል ተጨምሮበት ይቀልጥና ትኩስ እንዳለ በእጅ ይቀባል። ያለ ቅባት የልስኑ ቀዳዳ አይዘጋም። ሌላ መንደር ለሳኞቹ ራሳቸው ይቀቡታል። ሙስዒድ በያዘው ሥራ ግን የምትቀባው ሚስቱ ቀቡል ነበረች። ሞራውን ከገበያ የምታመጣው እሷ፣ የምታቀልጠው እሷ፣ ቢርካው ውስጥ ወርዳ እስከ ክንዷ ተነክራ የምትቀባውም እሷ ነች። እሱ ያን ቀን ተራራ ይወጣል፤ ጀርባውን ለመንደሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሲመለስ ሥራው አልቋል፤ ሰዉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ጠረኑ ቀድሞት ገብቷል፤ በቀቡል ጥፍር፣ በአንገቷ፣ በጸጉሯ ውስጥ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ዛሬ ከልጅቷ ጋር ተኚ» ይላታል። እሷም ምንጣፏን ይዛ ትወጣለች። እንዲህ ሆነው ኖሩ። ቀቡል አምና ሞተች። ይህ ቢርካ ያለ እሷ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው።

በስተደቡብ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ሙስዒድ ወደ ሰኞ ገበያ ወረደ።

ወርዳ የምትባለው የሥጋ ሻጩ የጁብራን ሚስት ከባሏ ጋር ትሸጣለች፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያውም ያለ ባሏ። በዚያ አገር የሥጋ ሻጭ ሥጋው ይበላለታል እንጂ ሴት ልጅ አይሰጠውም፤ ሰላምታውም ከሩቅ ነው። በዳሱ አግዳሚ ላይ የበግ ራሶች ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ ተደርድረዋል። የተዘረገፈ ጨጓራ ፈርሱን እንደያዘ ባልዲ ውስጥ ይተነፍሳል። ዝንቡ ከብዛቱ የተነሳ ጥቁር ጨርቅ የተከደነ ይመስላል፤ እጅ ሲወራጭበት ይነሣና ተመልሶ ይነጠፋል። ሙስዒድ በሻሹ ጫፍ አፍንጫውን ሸፍኖ ቆመ።

«አህለን፣ የቀቡል ባል!» አለች ወርዳ። «መጋረጃህን ግለጥ እንጂ፤ ሙሽሪት መሰልከኝ።»

«መቅኒ ፈልጌ ነው» አለ ከጨርቁ ውስጥ።

«ምን ፈልገህ? ጮክ በል፤ የሚታረድ በግ እንኳ ካንተ ይሻላል።»

«መቅኒ! ሞራም። ለቢርካው።»

«ማን ይቀባዋል?»

ሙስዒድ ሻሹን አጠበቀ። ወርዳ ቢላዋዋን በክንዷ ጠረገች። ክንዷ ላይ ደም ደርቋል፤ ደሙ ላይ የበግ ጸጉር ተጣብቋል።

«እኔ እቀባልሃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ላንተ አይደለም፤ ለሷ ስል ነው። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከኔ ጋር የቅሽር ቡና ጠጥታለች፤ ከዚሁ ከኔ ብርጭቆ። ከመንደራችሁ እንደዚያ ያደረገ ሌላ ሰው የለም።»

ሙስዒድ ብርጭቆውን አየ። ጠርዙ ላይ የጣት ቅባት ተጋግሯል፤ ከውስጡ አንድ ዝንብ ክንፏን ዘርግታ ትንሳፈፋለች። ቀቡል ከዚህ ጠጥታለች? በዚያ አፏ ነው ቤቱ የምትመለሰው? አፉ አመለጠው።

«አንቺ? በዚህ እጅሽ? ሰው እኮ ነው የሚጠጣበት!»

ገበያተኛው ዞር ዞር አለ።

«ከልጅነትህ ጀምሮ የበላኸው ሥጋ ሁሉ በዚህ እጅና በእናቴ እጅ ነው ያለፈው» አለች ወርዳ።

«ለዚህ ነዋ ሥጋ የማልበላው!»

ሰው ሳቀ። ወርዳ አልሳቀችም። ልትሰጠው ያነሣችውን የቅልጥም አጥንት ወደ ክምሩ መልሳ ወረወረችው።

«ሂድ» አለችው። «ንጹሑን ቅባት ፈልገህ አምጣ። ካገኘህ ለኔም አሳየኝ።»

ሲመለስ መንገዱ በቃኢድ ወፍጮ ቤት ነው። ቃኢድ ወፍጮውን አቁሞ ብረቱን ይቀባል። ከአጠገቡ አዲስ የተከፈተ ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ቢጫ ነገር፣ እንደ ማር የጠራ፣ ፊቱ አንድም ሳይነካካ ለስልሶ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለ የዳቦ ፍርፋሪ ላይ ዝንብ ወርሮ ሳለ ቆርቆሮው ላይ ግን አንድም አላረፈም። ሙስዒድ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግራሶ ነዋ። ብረቱ እንዳይጮህ።»

«ከምን እንስሳ ነው?»

«ምን እንስሳ አለው ኡስታ! ከመሬት የሚወጣ ነው፤ የናፍጣ ወንድም።»

«አልታረደም?»

ቃኢድ ሳቀ። «እኔ አላረድኩትም። ሻጩን ጠይቅ።»

«ውኃ ያስገባል?»

«ውኃማ ከላዩ ተንከባሎ ነው የሚወርደው።»

ሙስዒድ ጣቱን ነከረ። ከቅባት ነገር ሁሉ እጁ ሳይሸሽ የቀረበት የመጀመሪያው ይህ ነው። አባቱ «ቅባት» ብሎታል እንጂ መቼ «የሞተ በግ ቅባት» ብሎታል? ደም የለው፣ ጸጉር የለው፣ ዝንብ የለው። ቆርቆሮውንም፣ ያልተከፈተውን ሌላውንም ተሸክሞ ሄደ። ቃኢድ ለአህያ ጋሪ የሚፈልገው መስሎት አልጠየቀውም።

ቢርካው ውስጥ ብቻውን ወርዶ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ቀባው። ሥራ ላይ ሳለ ሲያፏጭ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ኑሪያ ከላይ ሆና አየችው።

«ያባ፣ ወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት ይላል።»

«ሬሳ ሬሳ ከሚል አይሻልም?»

«እማ እንዲህ አይደለም የምትቀባው።»

«እናትሽ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅባት የሚያቀርብላት አጥታ ነው» አላት። ኑሪያ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ሙስዒድ ስለ ልስን የማያውቀው ነገር የለም ይባል ነበር። ኖራው ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ጠጠሩ መቼ እንደሚለዝብ፣ ሁለቱ ተያይዘው መቼ ድንጋይ እንደሚሆኑ በጣቱ ነክቶ ያውቃል። ቅባቱ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም። ያቺ ሰዓት በመጣች ቁጥር ተራራ ላይ ነበረ።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጎርፉ በቦዩ ወርዶ ቢርካውን እስከ ላይኛው ደረጃ ሞላው። ጠዋት ሴቶቹ እልል እያሉ ጀሪካን ይዘው መጡ። ኑሪያ ቀድማ ወረደች፤ በመዳፏ ቀድታ ጠጣች፤ ወዲያው ግድግዳው ላይ ተፋችው።

ያኔ ነው ሌሎቹም ውኃውን በደንብ ያዩት። ፊቱ ላይ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ቆዳ ተወጥሯል፤ ሲነኩት ይሸበሸባል። በየጥጉ እንደ ድመት ትውከት ያለ ቢጫ ጓል ተንሳፍፏል። ግራሶው ከኖራው ጋር አልሟሟም፤ አልተዋሐደም። እንግዳነቱ ሳይለቀው ከላይ ተኝቶ ቆይቶ ውኃው ሲመጣ ውኃውን ተሳፈረ። ያለ ውኃ መዋል የማይቻላቸው አንዳንድ ሴቶች ቆዳውን ገፍተው ቀዱት። ሻዩ ናፍጣ ናፍጣ አለ። ገንፎው ናፍጣ ናፍጣ አለ። ልጆቹ አስታወኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሶላት ለመስገድ ታጥበው ጢማቸው ተለጣጠፈ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ሙስዒድ ደጅ ላይ ተሰብስበው በየተራ ደፉበት። ቃል የተናገረች አንዲት አሮጊት ብቻ ናት።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከኛ ገበታ ስትጸየፍ ኖርክ። እኛ ዝም አልንህ። አሁን የአላህን ዝናብ አስጸየፍከን።»

ከዚያም ምራቋን ደጃፉ ላይ እንትፍ አለች። ምራቁ ከወለሉ ላይ ሲያብለጨልጭ ሙስዒድ ቆሞ አየው። ሰው ሁሉ እሱን በሚያይበት በዚያ ዓይን እሱ ሰውን ሲያይ እንደኖረ የገባው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ውኃ ተቀድቶ ገደል ተደፋ። ኑሪያ አልወቀሰችውም። ጀሪካኗን አንሥታ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ ታችኛው ምንጭ መውረድ ጀመረች።

በማግስቱ ሙስዒድ ቢርካው ውስጥ ገባ። ግራሶውን በጨርቅ፣ በአሸዋ፣ አመድ ተጨምሮበት በፈላ ውኃ ፈተገው። እንደ አክታ እየተለጠጠ ከጣቱ ወደ ጣቱ ይሻገራል፤ አይለቅም። ትላንት ማር የመሰለው ነገር ዛሬ ጠቁሮ፣ አሸዋ ጠጥቶ፣ በጥፍሩ ሥር ገብቶ እንቅልፍ ነሣው። ቃኢድ ከበላይ ብቅ አለ።

«ግራሶው የኔ ነው፤ ግማሹ ኃጢአት የኔ ነው። ልውረድ?»

«አፍህን ተጉመጥምጠሃል?»

«ሁለት ጊዜ!»

«ውረድ።»

የልስኑን የላይኛውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ፍቀው አነሡት። ንጹሑ ሲገለጥ የኖራ ወተት ሰጡት፤ ጠጣ፤ ደገሙት፤ ጠጣ። ደበደቡት፤ አሹት፤ ጆንያ አለበሱት። የሚጠጣውን ጠጥቶ ሲጠግብ ደመናው ተመልሶ ተራራው ራስ ላይ ተቀምጧል። ኑሪያም አሁን ከምንጩ ስትወጣ መንገድ ላይ እየተቀመጠች ነው የምትመጣው።

ሙስዒድ ገበያ ወርዶ ወርዳ ፊት ቆመ። አፍንጫውን ለመሸፈን እጁ ተነሥቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው።

«መቅኒ» አለ።

«ንጹሑ ቅባት አለቀብህ?»

ዝንብ የሙስዒድ ከንፈር ላይ አረፈች። እሽ አላላትም፤ ከንፈሩ ግን ሲንቀጠቀጥ ወርዳ አየች።

«ማን ይቀባዋል?»

«እኔ። ግን አሳዪኝ። አይቼው አላውቅም።»

«ምን? በዚህ ሽበትህ? ስንት ቢርካ ለስነህ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የኖርኩት።»

ወርዳ ጎንበስ ብላ የቅልጥም አጥንቶቹን ወደ ጆንያ ትመርጥ ጀመር። «ያልኩህን ካላደረግህ ትቼህ ነው የምሄደው» አለች። «ዓይንህን ብትጨፍን ትቼህ እሄዳለሁ። አፍንጫህን ብትይዝ ትቼህ እሄዳለሁ። አንዴ ‹እጅሽ› ብትለኝ ደግሞ ድስቱን እራስህ ላይ ነው የምደፋው።»

ኑሪያ ቢርካው አፍ ላይ ተቀምጣ ድስቱን ለአባቷና ለወርዳ አቀበለች። መቅኒው ቀልጧል፤ ሞራው ከነጅማቱ ይንጫጫል፤ አንጎሉ ግራጫ ሆኖ ይዋልላል። ጠረኑ ጠባቡን ቢርካ ሞላው። ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ የሞቀ ጠረን፤ ምላስ ላይ የሚለጠፍ። ሙስዒድ ደረጃውን ሮጦ ወጣና ሜዳው ላይ አስታወከ። ተመልሶ ወረደ።

«ጨረስክ?» አለች ወርዳ።

«አልጨረስኩም።»

«የቀረውን እየቀባህ ትጨርሳለህ። ና እየው።»

ትኩሱን ቅባት በእፍኟ አንሥታ ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። እንደ መስተዋት አብለጨለጨ። በመዳፏ ስታሽ ብልጭታው ደበዘዘ፤ ቅባቱ ወደ ልስኑ መግባት ጀመረ። ከዚያ በለስላሳው ድንጋይ ደጋግማ አሸችው። ነጣ፤ በድንጋዩም ዳር ላይ ስስ አረፋ ወጣ።

«ንካው።»

ነካው። አያንሸራትትም። ጣቱን ከጣቱ ጋር አሻሸ፤ አይለጠፍም። አጎነበሰና አሸተተው።

«ይሸታል» አለ።

«ይሸታላ! ጠረኑ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ግን ሞራ ነው ወይ?»

እንደገና ነካው። ኖራው ሞራውን በልቶታል፤ ሞራውም ኖራውን ይዟል። የሁለቱም ያልሆነ ሌላ ነገር ተወልዷል። አባቱ ሲነግረው የኖረው ያው ነገር ነው፤ ኖራ መቅኒውንም እንዲያ እንደሚያደርገው ግን አልነገረውም፤ ወይም ነግሮት እሱ እንዳይሰማ ጆሮውን ደፍኖ ነበር።

«አይደለም» አለ። «ሳሙና ሆኗል።»

«ቀቡል ነች ያሳየችኝ» አለች ወርዳ። «‹ሙስዒድ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያየው ይወደው ነበር› ትል ነበር።»

ሙስዒድ ሁለት እጁን ድስቱ ውስጥ ነከረ። ቅባቱ በእጅጌው ውስጥ እስከ ክርኑ ሰረገ፤ አንድ የጅማት ቁራጭ በጣቶቹ መሐል ተጠመጠመ። ማወቁ ጠረኑን አልቀነሰለትም። ልስኑን እያየ ወደደው፤ እጁን እያየ ተጸየፈው፤ እንዲያም ሆኖ ቀባ። አንዴ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል «አየሁህ!» አለች ወርዳ፤ ገለጠው። ሲጨርስ ፊቱ እንደ ኖራው ነጥቶ ነበር።

ሁለተኛው ዝናብ መጣ። ጠዋት ቢርካው ሞልቶ፣ ፊቱ ላይ ሰማዩ ብቻ ተኝቶበት ተገኘ። ሴቶቹ በደረጃው ላይ ተደርድረው ቆሙ። የሚቀዳ ግን ጠፋ። ኑሪያ ጀሪካኗን ይዛ መሐላቸው ቆማለች።

«እሱ ይጠጣ መጀመሪያ» አለች አሮጊቷ።

«አዎ፤ እሱ ይጠጣ!»

ኑሪያ አባቷን አየችው። «ያባ፣ ጠጣልኝ» አለች በቀስታ። «ካልጠጣህ ወደ ታች እወርዳለሁ።»

ሙስዒድ ወረደ። ከውኃው በላይ አጎነበሰ። በዚህ ውኃ ዙሪያ ምን እንዳለ ከሁሉም ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው፤ አንጎሉን፣ ጅማቱን፣ የወርዳን ክንድ፣ የራሱን ላብ። በመዳፉ ቀድቶ ጠጣ። ፊቱ ተጨማደደ። ሴቶቹ ፊቱን ለማንበብ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ፊቱ ግን ዱሮም እንደዚያ ስለሆነ ምንም ሊነበብ አልቻለም።

«ሸተተው?»

«ምኑ ይታወቃል! እሱ ማር ብታጎርሽውም እንዲያ ነው።»

«አንድ ጉንጭ አይቆጠርም!» ብላ ጮኸች ወርዳ ከላይ፤ ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። «ጨምር!»

ሁለተኛውን ጠጣ። ሊያስመልሰው ሲል የኑሪያን ጉልበት ከፊቱ አየ፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አፉን ገጥሞ ግድግዳውን ተደገፈና ዋጠው። ሦስተኛውንም ቀዳ፤ ያንንም ዋጠ።

«እንዴት ነው?» አለች ኑሪያ።

«ይቀፋል።»

«ውኃው?»

«ውኃውስ» አለ ከንፈሩን እየጠረገ፣ «ውኃው ውኃ ነው። እኔን ነው የሚቀፈኝ።»

ኑሪያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ቁጢጥ አለችና ጀሪካኗን ነከረች። ከኋላዋ ያሉትም ወረዱ። ጀሪካኑ ሲሞላ ሙስዒድ አንሥቶ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠላት። ከቢርካው እስከ ደጇ ድረስ መንገድ ላይ አንዴም ሳትቀመጥ ገባች።